ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም

ደሴ ውስጥ ቡና በተጠራሁበት ቤት ሁሉ ቄጠማ ተጎዝጉዞ አገኛለሁ። ገና አቦሉ ሳይጠጣ ደግሞ አንዱ ይነሳና «ያ ረግረግ ከንቱ ተቀምጧል፤ ቦይ ተቀዶ ቢታረስ ስንቱን ይመግባል» ይላል፤ ያውም እግሩን ቄጠማው ላይ ዘርግቶ። የዕፅዋት መምህር በመሆኔ ዝም ማለት አልችልበትም።

«ረግረግ ሁሉ የወባ ቤት ነው።» አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ የመኪና ጎማ የቦረቦረው ጉድጓድ ዝናብ ከቋጠረ ለትንኟ ይበቃታል።

«ካርቦን የሚይዘው ዛፍ ነው።» ፈረንጆች ፒት የሚሉት፣ በውኃ ውስጥ ሳይበሰብስ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ከዓለም የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሸፍናል፤ የያዘው ካርቦን ግን የዓለም ደን ዛፎች ሁሉ ከያዙት ይበልጣል። የእኛ ረግረግ ሁሉ ፒት ነው አላልኩም።

ወደ ቦዩ ልመለስ። የአክስቴ ባል ከደሴ ወጣ ብሎ ያለ ጨፌውን አጠንፍፎ ገብስ ዘራ። የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ሰው ጉድ አለው፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ውኃ በሞላው አፈር ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ቅሪቱ አይበሰብስም፤ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል እየተደራረበ አንድ ሜትር ለመሙላት 1,000 ዓመት ይፈጅበታል። ቦይ ሲቀደድ አየር ይገባል፣ ተሐዋስያን ቅሪቱን ይበሉታል። ገብሱን ያሳመረው ከዚያ የተለቀቀው ምግብ ነበር፤ ካርቦኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ መሬቱም ይሰምጣል። እንግሊዝ አገር ሆልም ፌን በተባለ ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1851 ጫፉ ከመሬት እኩል ሆኖ የተተከለ የብረት ምሰሶ ዛሬ 4 ሜትር ያህል ወጥቶ ይታያል። ምሰሶው አላደገም። ጋሼም በአራተኛው ዓመት ቦዩን እንደገና ሊያጠልቅ ዶማ አነሳ፤ አሁን ለቡናው ቄጠማ የሚገዛው ከገበያ ነው።

ዕፅዋቱም አብረው ይለወጣሉ። የቄጠማን ግንድ ሰንጥቃችሁ ተመልከቱ፤ አየር ወደ ሥሩ የሚያወርድ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። መሬቱ ሲደርቅ ይህ ጥበቡ አይጠቅመውም፣ ተራ ሣርና ቁጥቋጦ ይቀድመዋል። የቀረውን ባሕር ዛፍ ይጨርሰዋል። ቦዩ ቢደፈን ውኃው ቶሎ ይመለስ ይሆናል፤ የተጨመቀው አፈር ግን እንደ ድሮው ውኃ አይቋጥርም።

ስለዚህ ጨፌ ያላችሁ፦ ቄጠማውን ከላይ እጨዱ፣ ሥሩን አትንቀሉ። በክረምት ከብት አታስገቡበት፣ አፈሩን ይረግጠዋል። ባሕር ዛፉን ዳገት ላይ ትከሉ። ቦይ ቀዳችሁ ከሆነ ደግሞ ከላይኛው ጫፍ ጀምራችሁ በየቦታው በጭቃና በሣር ግደቡት፤ ታችኛውን ብቻ ብትደፍኑ የክረምቱ ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል።