«ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ»፦ ስለማይድን የእግር ቁስል የሚባለውና እውነታው

ደሴ ውስጥ ቁስል በማጥብበት ክፍል ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም፦ «ሲስተር፣ ይሄኛው አልሠራልኝም፤ ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ።»

ጠንከር ያለ የሚሉት አንቲባዮቲክ ነው። እንዲህ የሚሉኝ ብዙዎቹ የገዛ መከላከያቸው ሰውነታቸውን የሚያጠቃባቸው ሰዎች ናቸው፤ ሰው በደፈናው ቁርጥማት የሚለው ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሉፐስ፣ የደም ሥር ብግነት ያለባቸው። እነሱ ላይ ወራት ያስቆጠረ ቁስል ብዙ ጊዜ ዋና ችግሩ ጀርም አይደለም። የቆየ ቁስል ላይ ባክቴሪያ አይጠፋም፤ መገኘቱ ብቻ ኢንፌክሽን አያሰኘውም። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ዙሪያው ቀልቶ ሲያተኩስ፣ እብጠቱና ሕመሙ ሲብስ፣ መግል ሲበዛ ወይም ትኩሳት ሲመጣ ነው። ፕሬድኒሶሎን (ብግነትንና የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ ኪኒን) የሚወስድ ሰው ግን ትኩሳቱ ላይታይበት ስለሚችል ሕመሙ ድንገት ከጨመረ ቶሎ ይታይ።

የሀረጎን ዳገት እየወጣች ከኮምቦልቻ የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች፤ ዓመታት የቆየ ቁርጥማት አለባት። ፋሻውን ስፈታው ከአንቲባዮቲክ ካፕሱል የተነሰነሰው ዱቄት እንደ ጭቃ ደርቆ ጎዙን ከሥጋው ጋር አጣብቆታል። በሳላይን አርሼ ሳነሳው ጠርዙ ወይን ጠጅ መስሏል፣ ከሥሩ ተቦርቡሯል። ሕመሙ ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም። ከእኛ በፊት በሄደችበት ሁሉ «ክፉው ሥጋ ይውጣ» እየተባለ ይፋቅላት ነበር፤ በተፋቀ ቁጥር ሰፋ። ሐኪሙ ናሙና አስወስዶ ሌላውን ሁሉ ካጣራ በኋላ ፓዮደርማ ጋንግሬኖሰም መሆኑን ነገራት። ይህ ሕመም ጀርም ሳይሆን የገዛ መከላከያ ቆዳን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ሲነካካ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1930 ስሙን ያወጡለት የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ራሳቸው ባክቴሪያ መስሏቸው ነበር። ያን ሁሉ ወር ያልተበገረው ቁስል ፕሬድኒሶሎን ሲጀመርላት በቀናት ውስጥ ሕመሙ ቀለል አለ፤ ለመክደን ግን ወራት ወስዷል። ያባከነችው ጊዜና ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

«ስኳር ነው።» ይለካ። ስኳር የለም ሲባል ግን ምርመራው አለቀ ማለት አይደለም።

«መተት ረግጣ ነው።» አይደለም።

«ቦሩ ሜዳ ከላኩሽ ስጋ ደዌ ነው።» ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በስጋ ደዌ ሕክምና ስሙ ስለገነነ ሪፈር ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ ደብቀው የሚቀሩ አሉ። እዚያ ሌላም የቆዳ ሕመም ይታከማል። እባካችሁ ሂዱ።

«ቁስል ነፋስ አግኝቶ መድረቅ አለበት።» ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ጥናት በአሳማ ቆዳ ላይ የተሸፈነና እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ካልተሸፈነው በፍጥነት ቆዳ እንደሚያለብስ አሳይቷል። እርጥብ ስል ልክ ያለው እርጥበት ማለቴ ነው፤ ፋሻው እስኪጨቀይ አይደለም። አልኮል፣ በረኪናና ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ (ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ) አዲሱን ሥጋ ያቃጥሉታል።

«የሚያጠብቅ ፋሻ ደም ያፍናል።» ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ቁርጥማት ቁርጭምጭሚትን ሲያደርቀው ባት ደምን ወደ ላይ መግፋት ያቅተዋል፤ ደም መልሱ ይጨናነቃል፣ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይፈነዳል። ለዚህ ዋናው ሕክምና ከጣት ሥር እስከ ጉልበት በትክክል የሚጠመጠም ላስቲክ ፋሻ ነው። ነገር ግን የደም ቅዳው ፍሰት ሳይለካ አይታሰርም፤ የጠበበ ከሆነ እግሩን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጠምጥሙ። ሱቅ ስትውሉ ቁርጭምጭሚታችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ማታ እግራችሁን ከልባችሁ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ።

«ፕሬድኒሶሎኑ ነው ያቆሰለኝ» ብለው በአንድ ቀን የሚያቆሙም አሉ። ቆዳን ማሳሳቱና የቁስል መዳንን ማዘግየቱ እውነት ነው፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆም ግን ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፣ ደረጃ በደረጃ። ጠበል ተጠመቁ፣ ዱዓ አስደርጉ፤ ኪኒኑን ግን አታቋርጡ።

ስትመጡ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ። ቁስሉን በየሳምንቱ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ በስልክ አንሱት። ዱቄት ሳትነሰንሱበት።