ኮሪዮሊስ የፍሰት መለኪያ ምንድን ነው? ከማባዛት የሚጀምር መሣሪያ አይደለም

«ፍጥነቱን ለክቶ በእፍግታ ያባዛል፤ ፈሳሹ ከተቀየረ አዲሱን እፍግታ ማስገባት አለባችሁ» የሚል የዚህ መለኪያ ማብራሪያ በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩ። ጸሐፊው ምንም አልተጠራጠረም። ነገሩን ግን ገልብጦታል።

መሣሪያው በቀጥታ የሚለካው በቧንቧው ውስጥ በሰከንድ ስንት ኪሎግራም ፈሳሽ እንዳለፈ ነው። እፍግታን፣ ማለትም አንድ ሊትሩ ስንት ኪሎግራም እንደሆነ፣ ለብቻው፣ ከሌላ ምልክት ያነባል። ስሌት የሚመጣው ሊትር ስትፈልጉ ነው፤ ያውም ኪሎግራሙን ለእፍግታው በማካፈል። ከውኃ ወደ ስኳር ሽሮፕ ብትዞሩ ለኪሎግራሙ የምታስገቡት ቁጥር የለም።

ልጆች ተንጠላጥለው የሚያወዛውዙትን የግቢ በር አስቡ። ማጠፊያው አጠገብ ያለው ልጅ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ጫፍ ላይ ያለው ይበራል። በሩ እየተወዛወዘ አንዱ ከማጠፊያው ወደ ጫፍ ቢራመድ፣ በየእርምጃው ተጨማሪ የጎን ፍጥነት ያስፈልገዋል። የሚበደረው ከበሩ ስለሆነ በሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ከጫፍ የሚመለሰው ደግሞ ብድሩን እየከፈለ በሩን ይገፋዋል። ልጁ በከበደና በፈጠነ ቁጥር ይህ ኃይል፣ ማለትም የኮሪዮሊስ ኃይል፣ ይበረታል። ክብደቱን አስቀድሞ የጠየቀ ግን የለም።

በመሣሪያው ውስጥ በሩ ሁለት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቱቦዎች ነው (ቀጥ ያሉም አሉ)። ኮይል (የሽቦ ጥቅል) እና ማግኔት በተቃራኒ አቅጣጫ ያርገበግቧቸዋል። ፈሳሹ የሚገባበት ክንድ ይዘገያል፣ የሚወጣበት ይቀድማል፤ ቱቦው ጥቂት ይጠመዘዛል። በሁለቱ ወገን ያሉት ሴንሰሮች የሚይዙት ይህንን የጊዜ ልዩነት ነው፤ በሰከንድ ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ነው። ፍሰት ከሌለ ልዩነትም የለም።

በሩን በሞላ (በስፕሪንግ) የሚመለስ አድርጉትና ልጆቹ ዝም ብለው ይቁሙበት። በበዙ ቁጥር ውዝዋዜው ይዘገያል። ቱቦው የሚይዘው ሊትር ስለማይለወጥ ከባድ ፈሳሽ ሲሞላው የንዝረቱ ድግግሞሽ ይቀንሳል፤ እፍግታው ከዚያ ይነበባል። ብረት ሲሞቅ ስለሚለዝብ የሙቀት መለኪያ አብሮት ባይኖር ይህ ሁሉ ይበላሻል።

ስሙን ሰምተው የመሬትን መሽከርከርና አውሎ ነፋስን የሚያነሡም አሉ። እዚህ የሚዞረው ቱቦው ነው፣ ወዲያና ወዲህ። ስሙ የተወሰደለት ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ጋስፓር ጉስታቭ ኮሪዮሊስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1835 የጻፈው ስለሚሽከረከሩ ማሽኖች እንጂ ስለ ነፋስ አልነበረም።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር። በፈሳሹ ውስጥ የገባ አየር ንዝረቱን ያውካል፤ ከሁሉም የሚያስቸግረኝ እርሱ ነው። ዜሮ ሲያዝ (ፍሰት በሌለበት የሚያነበው እንደ ዜሮ ሲመዘገብለት) ደግሞ ቱቦው ሞልቶ፣ ቫልቩ በእርግጥ ተዘግቶ መሆን አለበት። አንድ ባልደረባዬ ቫልቩ በውስጥ እያፈሰሰ ዜሮ አስያዘ። መሣሪያውም ያንን ፍሳሽ ዜሮ ብሎ ተቀበለው። ከተመዘገበው በላይ ሽሮፕ ወደ ታንከሩ እየገባ ሁለት ሳምንት ሙሉ የወቀስነው ታንከሩ የሚመዘንበትን ሚዛን ነበር።