ለአገር ውስጥ ነዳጅ ሰው ስንት ይጨምራል?

ነዳጁ ከገዛ አገሩ ጉድጓድ ወይም እርሻ የወጣ ከሆነ ሰው ከተራው ዋጋ በላይ ስንት ይከፍላል? ይህን የሚያጠኑ ኢኮኖሚስቶች ሁለት መንገድ አላቸው። አንዱ ሰውየውን መጠየቅ ነው፤ ሌላው ማደያ ላይ የሚያደርገውን ማየት። ሁለቱ መልሶች ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ መጠይቅ ላይ «እከፍላለሁ» ማለት ሳንቲም አያስወጣማ።

አሜሪካ በመጋቢት 2022 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሩሲያን ነዳጅ ስታግድ በአንድ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ 71 በመቶው ቤንዚን ቢወደድም እገዳውን እደግፋለሁ ብሎ ነበር። ሰኔ ላይ የአንድ ጋሎን አማካይ ዋጋ 5 ዶላር አለፈ፣ ምሬቱም አገር አዳረሰ። እርግጥ የዋጋው ንረት ከእገዳው ብቻ የመጣ አይደለም፤ የጠላትን ነዳጅ አልገዛም ማለትና የራሴን በውድ እገዛለሁ ማለትም አንድ አይደሉም።

ደግሞስ ልክፈል ያለ ሰው ምኑን ይገዛል? ቤንዚን ላይ የትውልድ አገር አይጻፍም። ማጣሪያው ከተለያየ ቦታ የመጣ ድፍድፍ (ያልተጣራ ዘይት) ይቀላቅላል፣ የብዙ ድርጅቶች ነዳጅ በአንድ ቧንቧ ተያይዞ ይሄዳል፣ ስማቸው የተለያየ ማደያዎችም ከአንድ ዴፖ ሊቀዱ ይችላሉ። አሜሪካ ከ2020 ወዲህ በጠቅላላ ነዳጅ ከምታስገባው ወደ ውጭ የምትሸጠው ይበልጣል፤ ግን አሁንም በቀን ሚሊዮኖች በርሜል ድፍድፍ ታስገባለች፣ ከሁሉ በላይ ከካናዳ። ብዙዎቹ ማጣሪያዎቿ የተሠሩት ለከባድ (ወፍራም) ድፍድፍ ሲሆን ከራሷ መሬት በብዛት የሚወጣው ቀላሉ ነው። ዋጋውንም የሚወስነው የዓለም ገበያ ነው፤ ያገር ልጅ ነህ ብሎ የሚቀንስልህ አምራች የለም።

ስለዚህ ነገሩን በእውን ማየት የሚቻለው ከእርሻ ምርት በሚሠራው የአልኮል ነዳጅ፣ በኢታኖል ላይ ነው፣ በተለይ ብራዚል፤ እዚያ አሽከርካሪው ከቤንዚን ለይቶ ሊመርጠው ይችላል። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1975፣ መንግሥት ከሸንኮራ አገዳ ኢታኖል የማምረት ትልቅ ፕሮግራም ጀመረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች አብዛኞቹ በአልኮል ብቻ የሚሄዱ ነበሩ። በ1989 ግን ኢታኖል ጠፋ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ አልኮል ብቻ የሚጠጣ መኪና የገዛውም ጉድ ሆነ። እምነቱ የተመለሰው በ2003 ቤንዚንም ኢታኖልም የሚችሉት ፍሌክስ መኪኖች ሲመጡ ነው።

የፍሌክስ ባለቤት ማደያ በገባ ቁጥር ይመርጣል። አንድ ሊትር ኢታኖል መኪናውን የሚያስኬደው የአንድ ሊትር ቤንዚን 70 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ዋጋውም ከ70 በመቶ በታች ሲሆን ያዋጣል፤ ብራዚላዊ አሽከርካሪ ይህን ስሌት ያውቀዋል። ሆኖም ተመራማሪዎች በ2010 መጀመሪያ ኢታኖል ሲወደድ ማደያ ቆመው እንዳዩት፣ በሚያስኬደው ርቀት ሲሰላ የኢታኖል ዋጋ በ20 በመቶ ቢበልጥም ከአምስቱ አንዱ ያህል ኢታኖሉን ይቀዳል። ቤንዚኑ በዚያው ልክ ሲወደድም ከአምስቱ አንዱ ቤንዚኑን አይለቅም። የመጀመሪያዎቹን በሙሉ አገር ወዳድ ብሎ መጥራት ግን ይከብዳል፤ ለአካባቢ አየር የሚያስብ አለ፣ ልማድ ያሰረው አለ፣ ስሌቱን የተወውም አይጠፋም።

ሌላም እንቅፋት አለ። አገር ከውጭ ነዳጅ ጥገኝነት ብትላቀቅ የሚጠቀመው ሁሉም ነው፣ የከፈለውም ያልከፈለውም። «እኔ ብቻ ለምን?» ማለት ታዲያ ክፋት አይደለም። መንግሥታትም ይህን ስለሚያውቁ ፈቃደኛ አይጠብቁም፣ በሕግ ያስቀላቅላሉ። አሜሪካ በ2005 ባወጣችውና በ2007 ባሰፋችው ሕግ ምክንያት ዛሬ አብዛኛው ቤንዚን 10 በመቶ ያህል ኢታኖል አለበት፣ እሱም በዋናነት ከበቆሎ። ብራዚል ውስጥ ድርሻው ከሩብ ይበልጣል። ወጪ ካለው በሊትሩ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ይከፈላል፣ ደረሰኝ ላይ ለብቻው አይታይም። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሕግ ዋናው ጭቅጭቅ የማጣሪያ ባለቤቶችና የበቆሎ ገበሬዎች ነው፤ ማን ከግዴታው ነፃ ይሁን፣ ስንት ጋሎን ይቀላቀል እያሉ ፍርድ ቤት ድረስ ይካሰሳሉ።