ሪብ፦ የብሪታንያ ጠላቂዎች የጎማ ጀልባ

ብሪታንያ ውስጥ ለመዝናናት ብሎ በስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር አዝሎ፣ የሚጠልቅ ሰው ባህር ላይ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከነካፒቴኑ ትልቅ ጀልባ መከራየት ነው፣ ጠላቂዎቹ ሃርድቦት የሚሉት። ሁለተኛው የራስን ወይ የክለብን ትንሽ ጀልባ በመኪና ጎትቶ ባህር ዳር አድርሶ ራስ አውርዶ ራስ መንዳት ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው፣ ጀልባውም ሪብ ይባላል። በአማርኛ ስለ ዳይቪንግ ሲወራ ያው ዓሣው፣ ኮራሉ፣ ቀይ ባህር ምናምን ነው የሚነሳው፣ ሰውን እዛ የሚያደርሰው ጀልባ ግን ይረሳል። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው።)

ሪብ ማለት ታችኛው አካሉ ከፋይበርግላስ የተሰራ ጠንካራ፣ ወደ ታች ሾል ያለ፣ ዙሪያውን ደግሞ በአየር የተነፋ ወፍራም የጎማ ቱቦ ያለው ጀልባ ነው። ሹሉ ሆድ ማዕበሉን ይሰነጥቃል፣ ቱቦው ያንሳፍፋል። ቱቦው ውስጡ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ስለሆነ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ጀልባውን ይዞ ይቆያል። ክለቦች ጋ የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሜትር ይረዝማሉ፣ ሞተሩ ከኋላ ይንጠለጠላል። ለጠላቂ ይሄ ቅርጽ በጣም ይመቻል። ሲሊንደርህን እንዳዘልክ ቱቦው ላይ ትቀመጥና ወደ ኋላ ተገልብጠህ ውሃ ውስጥ ትገባለህ፣ ስትመለስ ደግሞ መጀመሪያ ለመስመጥ የታጠቅከውን የእርሳስ ክብደትና ሲሊንደርህን ታቀብልና እግርህ ላይ ባለው የመዋኛ ክንፍ እየገፋህ ቱቦው ላይ ትወጣለህ። ሁለት ሰው በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ እንኳን አይገለበጥም፣ የእንጨት ጀልባ ላይ ይሄን መሞከር አይመከርም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመጥለቂያው መሳሪያ ነው። ኩስቶና ጋኛን ፈረንሳይ ውስጥ አኳላንግን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ከሲሊንደር አየር የሚያስተነፍሰውን መሳሪያ፣ የሰሩት በ1943 ሲሆን፣ ከ10 ዓመት በኋላ በ1953 ኦስካር ጉገንና ፒተር ስሞል የብሪታንያን የጠላቂዎች ክለብ ቢሳክን መሰረቱ። ቢሳክ ከመጀመሪያው ጀምሮ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው፣ አባሉ አባሉን በነጻ የሚያስተምርበት ክለብ ነው፣ ጀልባ በጋራ ገዝቶ በጋራ የመጠቀም ልማድም የመጣው ከዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። በዛን ጊዜ የነበረው የዓሣ አጥማጅ ጀልባና ትንሽ የእንጨት ጀልባ ነበር። የጎማ ጀልባን ያስከበረው ፈረንሳዊው ሐኪም አላን ቦምባር ነው፣ በ1952 ዞዲያክ የሚባለው ኩባንያ የሰራው ጎማ ጀልባ ላይ ሸራ ሰቅሎ ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ ባርቤዶስ ደረሰ፣ ብቻውን፣ ሁለት ወር ከምናምን ቀን።

ጎማው ግን አንድ ችግር ነበረበት፣ ሆዱ ጨርቅ ነው። መፍትሄው የተገኘው ደቡብ ዌልስ ውስጥ ሴንት ዶናትስ ግንብ ላይ በ1962 ከተከፈተው አትላንቲክ ኮሌጅ ነው። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር ዴዝመንድ ሆር ከባህር ኃይል በሪር አድሚራልነት የወጡ ሰው ነበሩ። ተማሪው ከየአገሩ የመጣ ወጣት ነበር፣ ከትምህርቱ ጋር የባህር ላይ ነፍስ አድን ስራም ይሰራ ነበር። ሸራ ጀልባዎቹን የሚጠብቁት በጎማ ጀልባ ነበርና ጎማው አሸዋና ጠጠር ላይ ሲጎተት፣ ማዕበል ላይ ሲነጥር ሆዱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። እነሱም ኮምፔንሳቶ ቆርጠው ከስር ለጠፉበት። በቃ፣ ነገሩ የጀመረው እንደዚህ በቀላሉ ነው! ከዛ በኋላ ቅርጹን እየቀያየሩ፣ እየሰበሩ፣ እንደገና እየሰሩ ብዙ ሙከራ አደረጉ፣ ለየሙከራው ኤክስ የሚል ፊደልና ቁጥር እየሰጡ። በ1969 ተማሪዎች ራሳቸው የሰሩት ሳይከደሊክ ሰርፈር የሚባል ጀልባ ብሪታንያን በሚዞረው የሞተር ጀልባ ውድድር ገብቶ ጨረሰ፣ ከፋብሪካ ጀልባዎች ጋር ማለት ነው። ሆር የፈጠራ መብቱን ለብሪታንያ የነፍስ አድን ጀልባዎች ድርጅት በ1 ፓውንድ ሸጡት፣ ቼኩንም አልመነዘሩትም ይባላል። ድርጅቱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስራ ላይ ያዋለውን ጀልባ አትላንቲክ 21 ያለው በኮሌጁ ስም ነው፣ 21 ርዝመቱ በጫማ ነው። ሪብን ማን ፈጠረ ሲባል ሌላም ሌላም ስም ይነሳል፣ ለኔ ግን ያለ ጥርጥር የአትላንቲክ ኮሌጅ ልጆች ናቸው። ዛሬ ሪብ ላይ የሚወጣ ጠላቂ ሁሉ የነሱ ባለዕዳ ነው።

ዌልስ ውስጥ ከነሱ ብዙም ሳይርቅ ላኔሊ አጠገብ ደግሞ ኤቮን የሚባል የጎማ ጀልባ ፋብሪካ ነበር። ስሙ ለእኛም ቅርብ ነው። በ1968 ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የመሩት የብሪታንያ ጦር ቡድን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ አባይን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የያዘው የኤቮን ጎማ ጀልባዎችን ነው፣ በዛ ጉዞ አንድ ወታደር ውሃ ወስዶት ሞቷል። ኤቮን በኋላ ሲራይደር የሚባለውን ሪብ አወጣ። የሲራይደር ሆድ ሲቆም ውሃ ገብቶበት ጀልባውን ያረጋጋዋል፣ ሲነዳ ውሃው በኋላ በኩል ይፈሳል፣ ጠላቂ ሲወጣና ሲገባ ለሚወዛወዝ ጀልባ ከዚህ የተሻለ ሀሳብ አላየሁም። ከዛ ወዲህ ባሉት አስርት ዓመታት ሪብ በየክለቡ ገባ።

አማተር ጠላቂ በትንሽ ጀልባ ምን ሊሰራ እንደሚችል ማየት የፈለገ ሜሪ ሮዝን ይይ። አሌክሳንደር ማኪ የሚባል ሰው እና የቢሳክ የሳውዝሲ ቅርንጫፍ ጠላቂዎች በ1965 ፍለጋ ጀምረው፣ በእረፍት ቀናቸው እየወጡ፣ በ1971 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛን መርከብ እንጨት አገኙ። መርከቡ ከባህር የወጣው ጥቅምት 11 ቀን 1982 ነው።

አሁን አንድ የጠለቃ ቀን እንዴት እንደሚውል። ሁሉን የሚወስነው የባህሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ውሃው በየ6 ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫ ይቀይራል፣ መሃል ላይ ጅረቱ የሚቆምባት አጭር ጊዜ አለች፣ ስላክ ይሏታል፣ ብዙ የሰመጡ መርከቦች ላይ መጥለቅ የሚቻለው በሷ ብቻ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ጅረቱ ይበረታል፣ ስላኳም ታጥራለች። የራስ ጀልባ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው፣ ሰዓቷን የምትመርጠው አንተ ነህ። ቦታው ላይ ስትደርስ በጂፒኤስና በኢኮሳውንደር (ጥልቀትን በድምጽ የሚለካ መሳሪያ) የሰመጠውን መርከብ ትፈልጋለህ (ድሮ በባህር ዳሩ ያለውን ቤተክርስቲያን ከኮረብታው ጋር እያስተካከሉ ነበር)፣ ከዛ ሾት ይጣላል፣ ማለትም ከስር ክብደት ከላይ ተንሳፋፊ ያለው ገመድ። ጠላቂው እሱን ይዞ ይወርዳል። ግማሹ ሲጠልቅ ግማሹ ጀልባው ላይ ይቀራል፣ ነጂው ኮክስን ይባላል፣ ነጭና ሰማያዊ የአልፋ ባንዲራ ሰቅሎ የጠላቂዎቹን ባለቀለም ተንሳፋፊዎች እየቆጠረ ይጠብቃል። ከመሪው የማይነቃነቅ ጥሩ ኮክስን ለኔ ከጥሩ ጠላቂ ይበልጣል። ፕሊመዝ አጠገብ ዊትሳንድ ቤይ ውስጥ መጋቢት 1945 በቶርፔዶ የተመታችው ጄምስ ኢገን ሌይንና በ2004 ሆን ተብሎ የሰመጠችው የጦር መርከብ ሲላ አሉ፣ ለክለብ ሪብ እንደነሱ የሚመች ቦታ ጥቂት ነው።

ሕጉ ላላ ያለ ነው። ለመዝናኛ የግል ጀልባ ባህር ላይ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ሬዲዮ ለመጠቀም ግን ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፣ ሰው አስከፍሎ ለሚጭን ደግሞ ጀልባው ራሱ ተመርምሮ መጽደቅ አለበት። ከሰመጠ መርከብ ያወጣኸውን ማንኛውንም ነገር በ28 ቀን ውስጥ ለመንግስት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ክለቦች ፈቃድ ባይጠየቅም አባሎቻቸውን ጀልባ መንዳት ያስተምራሉ፣ ልክም ናቸው። ከሁሉም በላይ ኪል ኮርድ፣ ነጂው እግሩ ላይ የሚያስረው፣ ከመሪው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ። ግንቦት 2013 ፓድስቶው አጠገብ አንድ ቤተሰብ ከሪብ ላይ ተወርውሮ ውሃ ውስጥ ሲገባ ገመዱ አልታሰረም ነበር፣ ጀልባው ያለ ነጂ እየዞረ መታቸው፣ 2 ሰው ሞተ።

የራስ ጀልባ ይረክሳል ወይስ ሃርድቦት የሚለው ክርክር አያልቅም። ሃርድቦት ሽንት ቤት አለው፣ ሻይ አለው፣ አንዳንዱ ጠላቂውን ከውሃ የሚያወጣ ሊፍት አለው፣ እድሜው ለገፋ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። የጀልባው ዋጋ፣ ኢንሹራንስ፣ ነዳጅ፣ ማቆሚያ ሲደመር አንድ ሰው ብቻውን የሚችለው አይመስለኝም፣ 15 እና 20 ሆነው ሲካፈሉት ግን ሌላ ነገር ነው። ስራውም ይካፈላል። ከባህር ሲመለስ ሞተሩ ውስጥ ንጹህ ውሃ ይሮጥበታል፣ ቱቦው ይታጠባል፣ የተጎታቹ ጎማ ቤሪንግ ጨው ስለሚበላው ታጥቦ ግሪስ ይጨመርለታል። ይሄን ያልሰራ ክለብ በሚቀጥለው ቅዳሜ መንገድ ዳር ቆሞ ሌላ ጎማ ሲጠብቅ ስላኳ ታልፈዋለች።