ደለል «ጸዳ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን የሚያለማው ጎረቤቴ «ውሃው ከጠራ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ችግሩማ ከስር ነው። ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ ውሰዱ (የአቃቂ ጭቃ የሚታማው በነክሮምና እርሳስ ነው፣ እሱ ሌላ ጣጣ)። ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ደቃቁ ጭቃ ላይ ይለጠፍና ኩሬው ስር ይተኛል፣ ከዚያ ትሉ ጭቃውን፣ ዓሣው ትሉን፣ ሰው ዓሣውን እየበላ እኛ ጋ ይደርሳል።

ቬትናም፣ ዳ ናንግ የጦር አየር ማረፊያ የሆነው ይሄው ነው። አሜሪካኖቹ በጦርነቱ ጊዜ ዳይኦክሲን ያለበት ቅጠል የሚያረግፍ ኬሚካል ያከማቹበት ነበር። የፈሰሰውን ዝናብ አጥቦ አጠገቡ ካለው ኩሬ ከተተው።

ታዲያ «ጸዳ» ሲባል ጭቃውን ያጠበው የለም። ቆፍረው አወጡት፣ በግድግዳ በታጠረ ግዙፍ ክምር ውስጥ ከተው ቢያንስ 335 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ አጋሉት። ምጣድ በሉት፣ ግን ሜዳ የሚያክል። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ወደ 90,000 ሜትር ኩብ አፈርና ደለል እንዲህ ታክሟል።

ሌላ ቦታ ደግሞ ጭራሽ አይወጣም፤ እዚያው በንጹህ አሸዋ ይሸፈናል። እሱም በወረቀት «ማጽዳት» ይባላል! መርዙ ግን እዚያው ነው፣ ተከድኖ። ጎረቤቴን ያናደደው ይቺ ናት፦ «እና ቆሻሻውን ምንጣፍ ስር መጥረግ በለኛ!» አለ። ልዩነቱ፣ ሽፋኑ እንዳይሸረሸር ለዓመታት እየተለካ ይጠበቃል።