«ቫይረስ ነው መሰለኝ» እና ሌሎች አይቲ ክፍል በር ላይ የምሰማቸው ነገሮች

ባህር ዳር አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ አይቲ ነኝ። ስራህ ምንድነው ስባል ኮምፒውተር እጠግናለሁ እላለሁ ግን ውሸቴን ነው፣ ግማሹ ስራዬ ሰው ስለ ኮምፒውተር ይዞት የመጣውን እምነት ማስጣል ነው። አንድ ነገር ግን ልመስክር፣ ሰው ዝም ብሎ አይሳሳትም። አብዛኛው የተሳሳተ ነገር የሆነ ዘመን ላይ ወይ የሆነ ዕቃ ላይ እውነት የነበረ ነው፣ ዕቃው ተቀየረ እምነቱ ቀረ። ስለዚ ማንም ላይ ለመሳቅ አይደለም የምጽፈው፣ እሺ ትንሽ እስቃለሁ።

«ማታ ማታ አጠፋዋለሁኮ፣ ሪስታርት ምን ይጨምራል?»

በጣም የሚያጨቃጭቀኝ ይሄ ነው። ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ ብለው ይደውላሉ፣ ሪስታርት አርጉት ስል ቆጣ ብለው «ትናንት ማታ አጥፍቼው ሄጄ ዛሬ ጠዋት ነው ያበራሁት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አጥፍተውታል። ግን ዊንዶውስ 8 በ2012 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ ሻት ዳውን ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል እንጂ የዊንዶውሱን ዋና ክፍል እንዳለ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ጠዋት ስታበሩት ያንኑ የትናንቱን አንስቶ ይቀጥላል፣ ቶሎ እንዲነሳ ተብሎ ነው፣ ፋስት ስታርታፕ ይባላል። ሪስታርት ስትሉት ግን ሁሉንም ጥሎ ከዜሮ ይጀምራል። ማለትም ሪስታርት ከማጥፋት ይበልጣል፣ ነገሩ ግራ ቢሆንም።

ማየት ከፈለጋችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ፐርፎርማንስ ግቡ፣ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ፣ ከታች አፕ ታይም የሚል አለ፣ የእውነት ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ ማለት ነው። ፋይናንስ ክፍል አንድ ጋሼ ላፕቶፕ ላይ ከፍተን ስናይ 23 ቀን ይላል፣ በየማታው እያጠፉት። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገው አዩት፣ ከዛ «ታዲያ ማታ ማታ ማነው ሚያበራው?» ብለው ጥበቃውን ጠረጠሩት፣ ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ መሰላችሁ ሰውየውን ነጻ ለማውጣት። ሪስታርት ማለት የሚከብዳችሁ ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውን በሉት፣ ያኔ የእውነት ይጠፋል። ዴስክቶፕ እየሰራ መብራት ሲሄድበትም የእውነት ነው የሚጠፋው፣ አንዳንዴ መብራት ደርሶ ሲመጣ «ፈጠነልኝ» የሚሉት ለዛ ነው፣ ግን እንደ ዘዴ እንዳትይዙት፣ ፋይል ያበላሻል፣ ዲስክም ይገላል።

«ኢንተርኔቱ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ሁሉም ሳይት አደገኛ ነው ይላል»

ጸሐፊያችን እትዬ ናቸው የደወሉልኝ። ምንም ድረ ገጽ አይከፍትም፣ በቀይ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ሄጄ ኬብል አየሁ፣ ራውተር አየሁ፣ ጎን ያለው ኮምፒውተር ይሰራል፣ አንቲቫይረስ ልጭን ፍላሽ እየሰካሁ እያለ ነው ዓይኔ ከታች በስተቀኝ ሰዓቱ ላይ ያረፈው። 3፡20 ይላል፣ ጠዋት ነው፣ ልክ ነው ብዬ ላልፍ ስል ዓመቱን አየሁት፣ 2017። «እትዬ ይሄን ማን ነካው?» «እኔ ነኛ! ደብዳቤ ላይ ቀን በገባ ቁጥር የፈረንጅ እያወጣ አስቸገረኝ፣ አስተካከልኩት።» ሰዓቱን በኛ፣ ቀኑን በኛ፣ ዓመቱን በኛ፣ አንድም ሳይቀር አስተካክለውታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሁን ሁሉም ሳይት ማለት ይቻላል ሰርተፊኬት አለው፣ መታወቂያ በሉት፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል። ዕድሜውም አጭር ነው፣ አብዛኛው ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም። ኮምፒውተሩ የራሱን ሰዓት አይቶ ነው መታወቂያው ይሰራል አይሰራም የሚለው፣ የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 7 ወይ 8 ዓመት ወደኋላ ነው፣ ስለዚ እዛ ዓመት ላይ ቆሞ ሲያየው ሰርተፊኬቱ ገና አልተወለደም። ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ ቢመጣ እናንተስ ታስገቡታላችሁ?

ጥፋቱ የእትዬ አይደለም በነገራችን ላይ፣ የኔ ነው፣ አካውንታቸውን አድሚን (ሁሉን መቀየር የሚችል) አድርጌ የተውኩት እኔ ነኝ። ለደብዳቤው በኛ አቆጣጠር ቀን መጻፍ ከፈለጋችሁ በእጅ ጻፉት፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት አትንኩ።

ማንም ሳይነካው ሰዓቱ በየጊዜው ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ እሷ አልቃለች ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እያለ ያን ያህል አትነካም፣ መብራት ሲሄድና ከሶኬት ሲነቀል ነው ብቻዋን የምትሰራው፣ ለዛ ነው እኛ ጋ ቶሎ ቶሎ የምታልቀው። ፎርማት አርግልኝ ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት እሷን አስቀይሩ።

«ዋይፋዩ ሙሉ ነው ግን አይሰራም»

ሙሉ የሆነው ከስልካችሁ እስከ ራውተሩ ያለው ነው፣ ከራውተሩ ወዲያ ስላለው እነዛ መስመሮች ምንም አያውቁም። ከሽምብጥ ተነስታችሁ አባይ ድልድይ ድረስ መንገዱ ባዶ ነው ማለት ድልድዩ ላይ ሰልፍ የለም ማለት አይደለም፣ እንደዛ ነው። ጣና ዳር ካፌ ቁጭ ብላችሁ ሰላሳ ሰው አንድ መስመር ላይ ቪዲዮ ሲያይ እናንተ ራውተሩ ስር ብትቀመጡም ለውጥ የለውም።

«ዩፒኤስ አለን፣ ምን እንሆናለን»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ዩፒኤስ ባትሪ ያለው ዕቃ ነው፣ ስራው ፋይላችሁን ሴቭ አርጋችሁ በወጉ እንድታጠፉ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው፣ ጄኔሬተር አይደለም። ቢሮ ውስጥ የምታዩት ትንሹ 650 ቪኤ የሚለው በአብዛኛው 400 ዋት እንኳን አይሸከምም። ባትሪውም ሦስት አራት ዓመት ሲሞላው ይደክማል፣ ሰው ግን አረንጓዴ መብራቱን አይቶ ይተማመናል።

አንድ ቀን አንድ ክፍል ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ እያለ አላስቀምጥ አለን አሉኝ። ሄጄ ጠረጴዛ ስር ገባሁ፣ ከዩፒኤሱ ጀርባ የወጣውን ዲቫይደር በእጄ እየዳበስኩ ስከተል አንዱ ገመድ ወደ መጋረጃው ጀርባ ይሄዳል። መጋረጃውን ስገልጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ጀበና፣ ጀበናው ሊፈላ። «እሱኮ መብራት ሲሄድ እንዳይቋረጥ ብለን ነው» አለችኝ አንዷ፣ አነጋገሯ ላይ ምንም ጥፋት የለም፣ ሎጂኩ ልክ ነው እኮ፣ ዩፒኤስ ማለት የማይቋረጥ ነገር ነው ተብለው ነው የገዙት። ቡናውን ጠጥቼ ምድጃውን ግድግዳ ላይ ሰካሁት። እንደ ምድጃው ሌዘር ፕሪንተርም ዩፒኤስ ላይ አይሰካም፣ ውስጡ ወረቀቱ ላይ ቀለሙን የሚያቀልጥ ማሞቂያ አለው፣ ሲነሳ ድንገት ብዙ ይስባል። ሞኒተር፣ ኮምፒውተር፣ ራውተር፣ በቃ።

ክረምት ላይ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ነጎድጓድ ሲጀምር ዩፒኤስም ስታቢላይዘርም አያድናችሁም፣ መንቀል ነው። ሰው የሚረሳው የስልክ መስመሩን ነው፣ መብረቅ በመብራት ገመድ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ወደ ራውተሩ በምትገባው ቀጭን ገመድም ይገባል፣ እና የሶኬቱን ነቅለው እሷን ትተው የተቃጠለባቸው ብዙ አይቻለሁ። መብራት ሲሄድም እንደዛው፣ አደጋው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፣ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚ ነቅላችሁ መጥቶ ትንሽ ሲረጋ ሰኩት።

«ፍላሼ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ጠፋብኝ»

ይሄኛው የእውነት ቫይረስ ነው፣ ደስ ይበላችሁ። ግን ፋይሉ አልጠፋም። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ሪሰርች ፕሪንት ሊያስደርግ ሄዶ ፍላሹን ሰክቶ ከነቀለ በኋላ ሁሉም ፎልደር ሾርትከት የሆነበት ተማሪ በየሰኔው ይመጣብኛል፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቆ በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፣ ሾርትከቱን ስትከፍቱት ቫይረሱም ይነሳል ፎልደሩም ይከፈታል፣ ለዛ ነው ሰው ሳያውቅ ከማሽን ማሽን የሚያዞረው። ንጹህ አንቲቫይረስ ያለው ማሽን ላይ ሰክታችሁ ሾርትከቱን ሳትነኩ ቪው ውስጥ ገብታችሁ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ በሉት፣ ካልታየ ኦፕሽንስ ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ፣ ደብዘዝ ብለው ይመጣሉ። ዶክመንታችሁን ብቻ ኮፒ አርጉ፣ ከዛ ፍላሹን ፎርማት። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ ፎርማት መጨረሻ! አንዱ «ፎርማት አርጌው መጣሁ፣ አሁን ፋይሌን አውጣልኝ» ብሎኛል።

«የአማርኛው ፋይል ተበላሽቷል፣ ሃሽና ዶላር ብቻ ነው ያለው»

አልተበላሸም። ድሮ ድሮ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ሲመጡ ለፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ አልነበረውም፣ ስለዚ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነው የሰሩት፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው አማርኛ የሚያስመስለው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቱት ጭምብሉ ይወልቃል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱ ቁጥር የሚሰጥበት ስርዓት) ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ቪስታ ላይ ኒያላ የሚባል ፎንት ይዞ መጣ፣ ከዛ ወዲህ ያሉትም ፊደላችንን የሚያሳይ ፎንት አላቸው፣ በዩኒኮድ የተጻፈ የትም ይከፈታል። ለድሮው ፋይል ያንኑ የድሮውን ፎንት መጫን ነው። የድሮ ፋይል ለሌላ መስሪያ ቤት የምትልኩ ከሆነ ፒዲኤፍ አርጋችሁ ላኩ፣ ፎንቱን ይዞ ነው የሚሄደው።

ቶሎ ቶሎ ልበላቸው እነዚህን፦

ፕሪንተሩ ዝም ሲል ፕሪንት ደጋግሞ መጫን አያነቃውም፣ እያንዳንዷ ንኪት ሰልፍ ውስጥ ትገባለች፣ በኋላ ወረቀቱ ሲስተካከል 14 ኮፒ ይዘረግፍላችኋል።

ሁለት አንቲቫይረስ ከአንድ አይሻልም፣ እርስ በርስ ይጠራጠራሉ ማሽኑ ይሰቃያል።

ቴሌግራም ስልኩን ሞላው? ሴቲንግ ገብታችሁ ካሹን (ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ቅጂ) አጥፉ፣ ፎቶና ፋይሉ ቴሌግራም ጋ አለ፣ ስትፈልጉት ተመልሶ ይወርዳል፣ ሲክሬት ቻት ካልሆነ በቀር። ሰው ይሄን ፈርቶ የልጆቹን ፎቶ ያጠፋል።

አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ እስኪዘጋ መጨረስም የለበትም፣ ያ የኒኬል ባትሪ ዘመን ምክር ነው፣ ያኔ ልክ ነበር። የአሁኑ ሊቲየም ነው፣ የሚገለው ሙቀት ነው፣ የባጃጅ ሹፌሮች ከመስታወቱ ስር ጸሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ቻርጅ የምታደርጉት ነገር ነው ባትሪውን የሚያሳብጠው።

«ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ»

እዚህ የሐይቅ ከተማ ነን፣ ስልክ ውሃ ይገባል፣ ይሄ ዜና አይደለም። ሩዝ ግን አያወጣውም። ሜዳ ላይ አየር እየነካው ቢቀመጥም ያው ይደርቅ ነበር፣ አፕል ራሱ ለአይፎን ሩዝ ውስጥ አትክተቱ ይላል፣ ብናኙ ገብቶ ያበላሻል ብሎ። የፎገራ ሩዝም ቢሆን ለውጥ የለውም። ወዲያው አጥፉት፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ የቻርጀር ቀዳዳውን ወደታች አርጋችሁ መታ መታ አርጉት፣ ንፋስ ያለበት ቦታ ቢያንስ አንድ ቀን ይቀመጥ፣ ጸጉር ማድረቂያ አይሆንም፣ «ይሰራል ወይ» ብሎ ቻርጀር መሰካት ደግሞ በጭራሽ፣ እርጥበትና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው ዝገቱ የሚብሰው።

ዘጌ እንግዳ የሚያመላልስ የጀልባ ሰው ጎረቤት አለኝ። ጀልባውን ሲያስር ስልኩ ከደረት ኪሱ ሾልኮ ጣና ገባ፣ ወዲያው አወጣው፣ ጥሩ ልጅ ነው አጠፋው፣ እስካሁን ሁሉም ልክ። ቤት ሲደርስ ሩዝ የለም። ግማሽ ማዳበሪያ ጤፍ አለ። ሁለት ቀን ጤፍ ውስጥ ቀብሮት በሦስተኛው ቀን ይዞልኝ መጣ፣ ቻርጀር አልገባ አለኝ ብሎ። ጤፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ስሙም ከደቃቅነቱ የመጣ ነው ይባላል፣ ከሩዝ በምን ይወዳደራል፣ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። በእንጨት ስንጥር፣ በስልክ ባትሪ ብርሃን፣ ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ስለቅም 11 ፍሬ አወጣሁ፣ ከድምጽ ማጉያው ወንፊት ላይም ሁለት። ከፍቼ የሐይቁን ደለል በአልኮል ጠረግኩለት፣ ገጠምኩት፣ ተነሳ።

ስልኩን ተቀብሎ ገልበጥ አርጎ አየው፣ ከዛ በእጄ መዳፍ ላይ ያሉትን የጤፍ ፍሬዎች አየና «አየህ አይደል፣ ውሃውን ጠጥተው እንዴት እንዳበጡ» አለኝ።