ኑዛዜ ከማስጻፍዎ በፊት፦ ሰው የሚለውና ሕጉ የሚለው

የሰፈራችን አንድ አባት ኑዛዜያቸውን ያስጻፉት ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ነበር። ሦስት ገጽ ነው፤ አጻጻፉም ያማረ። ወረቀቱን ልጃቸው ተቀብሎ እየዞረ አስፈረመ። አንዱን ጎረቤት ሱቁ ውስጥ፣ ሁለቱን እድር ድንኳን ሥር፣ አራተኛውን በማግስቱ። አራት ፊርማ ሞላ። አባት አርፈው ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ሲቆሙ ምስክሮቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ። ባለሱቁ «እኔ የፈረምኩት ሱቄ ነው፤ ሲነበብ አልሰማሁም» አለ። ኑዛዜው እዚያው ላይ ወደቀ።

«አራት ሰው ከፈረመበት አለቀ»

አላለቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ግልጽ ኑዛዜ (በምስክሮች ፊት ስለሚደረገው) በቁጥር 881 የሚለው ሌላ ነው። ኑዛዜውን ራስዎ ሊጽፉት ወይም እርስዎ እየተናገሩ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ነገር ግን እርስዎና አራቱ ምስክሮች ባላችሁበት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ ደግሞ እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ከዚያ ሁላችሁም ወዲያው ትፈርማላችሁ። «በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነብቧል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከጎደለች፣ ሌላው ሦስት ገጽ ቢያምር ባያምር ለውጥ የለውም። ረቂቁን ከጸሐፊው ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚፈልጓት እሷን ይሁን።

ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ (ውል የሚያረጋግጥ ሹም) ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ምስክር ሲመርጡ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚሰማ አዋቂ ሰው ይምረጡ። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ግን ምስክር አያድርጉ፤ ለክርክር በር መክፈት ነው።

«ውልና ማስረጃ ካልሄደ ዋጋ የለውም»

ይህም ልክ አይደለም። ከላይ ያለውን ያሟላ ኑዛዜ ቤት ውስጥ ቢደረግም ይጸናል። እኔ ግን አቅም ያለው ሰው ቢሄድ እላለሁ። ወረቀት ይጠፋል፤ የሚያጠፋውም አይታጣም።

«በእጄ የጻፍኩት ዕድሜ ልኬን ያገለግላል»

ያለ ምስክር፣ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ይፈቀዳል። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና በየገጹ ቀንና ፊርማ ማኖር ይፈልጋል። ቁም ሣጥን ውስጥ ካስቀመጡት ግን በሰባት ዓመት ይሞታል። እንዲቆይ ከፈለጉ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያስቀምጡት። ኮምፒውተር ቤት አስተይቦ ብቻዎን መፈረም ደግሞ በጭራሽ እንዳያስቡት።

«ሚስቴ ትወርሰኛለች»

ሰዉ ሁሉ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። በሕጋችን ባልና ሚስት አይወራረሱም። ባለቤትዎ የጋራ ሀብቱን ግማሽ የምታገኘው ወራሽ ሆና ሳይሆን ድሮም የራሷ ስለሆነ ነው። የእርስዎ ግማሽ ለልጆች ይሄዳል። ልጅ ከሌለ ለወላጆችዎ። ልጅ ያልወለዱ ጥንዶች ከሆኑ፣ ሐዘኑ ሳይወጣ ሚስት ከአማቷ ጋር ቤት ልትካፈል ነው ማለት ነው። ባልም እንደዚያው። ለትዳር ጓደኛዎ እንዲተርፍ የሚፈልጉት ነገር ካለ በኑዛዜ ይስጡ። በተቃራኒው ደግሞ የጋራውን ቤት ሙሉ ለሙሉ ለአንድ ልጅ መናዘዝ አይችሉም፤ ግማሹ የእርስዎ አይደለምና።

ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅም፣ በጉዲፈቻ ያደገም እኩል ወራሽ ነው። ይህን አፍሮ ከጠበቃው መደበቅ ኋላ ጣጣው ለልጆች ነው። (ሙስሊም ቤተሰቦች ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ውርሱን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስጨረስ ይችላሉ፤ እዚያ ደንቡ ሌላ ነው።)

«ይህን ልጅ ነቅየዋለሁ ካልኩ በቂ ነው»

ልጅን ከውርስ ለመንቀል ምክንያቱ ኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። ፍርድ ቤት ምክንያቱ ለመንቀል ይበቃል ወይ ብሎ ይመረምራል። «ያውቀዋል» ብሎ ማለፍ አይሠራም። ሀብትዎን ሁሉ ለሌላ ሰው ስለሰጡ ብቻም ልጁ እንደተነቀለ አይቆጠርም።

«ስታመም ለነፍስ አባቴ እነግራቸዋለሁ»

የቃል ኑዛዜ ሕጋዊ ነው፤ ግን ጠባብ ነው። ሁለት ምስክር ይጠይቃል። ስለ ቀብር፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳሪ፣ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው መናገር የሚቻለው። 500 ብር ዛሬ ዶሮ እንኳ አይገዛም። ከተናገሩ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆዩ ደግሞ የተናገሩት ቀሪ ይሆናል።

«ልጄ በውክልና ያስጽፍልኛል»

በተለይ ልጆቻቸው ውጭ ያሉ ወላጆች ይህን ይላሉ። ኑዛዜ በውክልና አይደረግም፤ ራስዎ ነዎት። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት ላይ አብረው መናዘዝ አይችሉም። ለየብቻ ነው።

«ጠበቃው ያውቀዋል»

ሕጉን ያውቃል፤ ቤትዎን ግን አያውቅም። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት አንድ ማታ ደብተር ይዘው ይቀመጡ። የሁሉንም ልጆች ስም ከነአባት ይጻፉ። ያበደሩትንና የተበደሩትን ይጻፉ፤ ዕዳ ከውርሱ ቀድሞ ነው የሚከፈለው። የገጠር መሬት ካለዎት ለብቻው ይጠይቁበት፤ የይዞታ መብት ስለሆነ የክልሉ የመሬት ሕግ ለማን እንደሚተላለፍ ይወስናል። የቤቱን ካርታ፣ የመኪናውን ሊብሬ፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የባንክ ደብተሩን፣ አክሲዮን ካለም ሰርተፍኬቱን በአንድ ፌስታል ያድርጉ። ቀድሞ የተጻፈ ኑዛዜ ካለም ይያዙት፤ አዲሱ አሮጌውን በግልጽ እንዲሽር። ከጻፉ በኋላ ልጅ ከተወለደ ወይም ከተፋቱ ተመልሰው ይሂዱ፤ ሁለቱም የጻፉትን ሊያፈርሱት ይችላሉ።

ከዚያ ለአራቱ ሰዎች ይደውሉ። መታወቂያቸውን ይዘው፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ክፍል ውስጥ።